አንዱ መካከለኛ፦ «በክርስቶስ ብቻ» የሚለው እምነት በጋሞ ምድር

የፕሮቴስታንት ክርስትና ከሌሎቹ የክርስትና ክፍሎች ጋር የሚጋራው እምነት ብዙ ነው፤ በሥላሴ ያምናል፣ የእግዚአብሔር ልጅ ሥጋ መልበሱን፣ መሰቀሉን፣ መነሣቱንና ዳግመኛ መምጣቱን ይመሰክራል፣ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተደነገገውን የሃይማኖት መግለጫም ይቀበላል። መዳን ከክርስቶስ የሚመጣ መሆኑም ለብቻው የያዘው ትምህርት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሆነች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያለ መስቀሉ ድኅነት እንደሌለ ያስተምራሉ። ፕሮቴስታንትነት ራሱን የሚለየው ከዚህ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ሲሆን፣ ይኸውም በማዳኑ ሥራ ላይ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሥርዓትም ሆነ የሰው ትሩፋት ተካፋይ እንዳይሆን መከልከሉ ነው። «በክርስቶስ ብቻ» የሚባለው መርሕ በክርስቶስ አዳኝነት ላይ ቆሞ ከእርሱ ጎን የሚሰለፍ ሌላ አዳኝ እንደሌለ የሚናገር ክልከላ ነው።

ክልከላው ሲነገር አጭር ቢሆንም ሲመረመር ግን በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች ተደራርበው ይገኛሉ። አንደኛው ሰው የሚድነው በማን ነው የሚል ነው፤ ሁለተኛው የተፈጸመው ማዳን ወደ እያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው በምን በኩል ነው የሚል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የሚድኑት እነማን ናቸው የሚል ነው። በአደባባይ ክርክር ሦስቱ ይደበላለቁና የመጀመሪያውን የመለሰ ሰው ሦስተኛውንም እንደ መለሰ ይቆጠራል፤ «በክርስቶስ ብቻ» ያለ ሁሉ ጎረቤቱን ከመንግሥተ ሰማያት እንዳስወጣ ይታያል፣ ከተናጋሪዎቹም አንዳንዶቹ የሚሉት ይህንኑ ነው። የመርሑ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በተወለደበት በጀርመን ምድርም ሆነ ሥር በሰደደበት በጋሞ ምድር መጀመሪያ የተነገረው በሰውና በአምላክ መካከል በሚቆሙት ላይ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እውነተኛነቱ የሚፈተነው የሚናገረው ወገን በራሱ ቤት ለሚነሡ መካከለኞች በሚሰጠው መልስ ነው።

ጋሞ ለዚህ ምርመራ የሚመችበት ምክንያት አለ። የዞኑ መዲና አርባ ምንጭ በሁለት ክፍሎች የቆመች ከተማ ስትሆን፣ ከዳገቱ በላይ ሴቻ፣ ከታች በሜዳው ላይ ሲቀላ ይገኛሉ። ወደ ሲቀላ ከቸንቻ፣ ከዶርዜ፣ ከዲታና ከቦንኬ ደጋ ገበሬውና ሸማኔው ይወርዳል፣ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች ዓሣ ይመጣል፤ የተዋሕዶ ምእመን ከቃለ ሕይወት፣ ከመካነ ኢየሱስና ከሙሉ ወንጌል አማኝ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል፣ በአንድ ዕድር ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ እናት ይወለዳል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በያኔው የጋሞ ጎፋ ዞን ፕሮቴስታንት መሆኑን የተናገረው ነዋሪ ከግማሽ በላይ ነበር፤ አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ቢኬድ ግን ይህ እምነት በዚህ ምድር አይታወቅም። በአውሮፓ አምስት መቶ ዓመት የፈጀው ክርክር በጋሞ የአያት፣ የአባትና የልጅ ጉዳይ በመሆኑ፣ ጥያቄው ገና ከቤተሰብ ትዝታ አልወጣም።

መርሑ በ16ኛው መቶ ዓመት ሲቀረጽ መነሻው ስለ ገንዘብ የተነሣ ሙግት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1517 ማርቲን ሉተር በዊተንበርግ ዘጠና አምስት የክርክር ነጥቦች ያወጣው በይቅርታ ደብዳቤ ላይ ሲሆን፣ ይህ ደብዳቤ ሰው ኃጢአቱ ከተሰረየለት በኋላም የሚቀርበትን ጊዜያዊ ቅጣት፣ በተለይም ነፍስ ከሞት በኋላ የምትነጻበት ነው የሚባለውን የፑርጋቶሪ ቆይታ፣ ያስቀራል ወይም ያሳጥራል ተብሎ የሚሰጥ ነበር። ከደብዳቤው በስተጀርባ የትሩፋት ግምጃ ቤት የሚባል ትምህርት ቆሟል፤ የክርስቶስና የቅዱሳን ትሩፋት በአንድ ግምጃ ቤት እንደ ተከማቸ፣ የሮም ፖፕም ቁልፉን ይዞ ለሚሻው እንደሚያከፋፍል ያስተምራል። ሉተር መጀመሪያ የተቃወመው ንግዱን ነው፤ ሙግቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ግምጃ ቤቱ ራሱ ተጠየቀ። የክርስቶስ ሥራ ምሉእ ከሆነ የቅዱሳን ትርፍ የሚጨመርበት ቦታ የለም፣ ቦታ ካለም ሥራው ምሉእ አልነበረም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በሃያ አንደኛው አንቀጹ ቅዱሳን እምነታቸው አርኣያ እንዲሆን ሊታሰቡ እንደሚገባ ካስተማረ በኋላ፣ ወደ እነርሱ መለመን ግን ከመጻሕፍት ድጋፍ እንደሌለው ደነገገ።

ከዚህ ውሳኔ በታች ያለው ምክንያት ከሉተር በፊትም የታወቀ ነው። የካንተርቤሪው አንሰልም በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አምላክ ሰው የሆነበትን ምክንያት ሲመረምር፣ ዕዳው የሰው፣ የመክፈል ችሎታው ግን የአምላክ ብቻ በመሆኑ ከፋዩ ሁለቱንም መሆን እንዳለበት ተከራክሯል። መካከለኛ ማለት እንግዲህ በሁለቱም ወገን የሚቆም ማለት ነው፤ ቅዱስም ቢሆን ሰው የሆነ ሁሉ በአንዱ ወገን ብቻ ይቆማል። ተሐድሶ አራማጆቹ የመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት በሁለተኛው ምዕራፍ ስለ አንዱ መካከለኛ የሚናገረውንና የዕብራውያን መልእክት አንድ ጊዜ ስለ ቀረበው መሥዋዕት የሚያስረዳውን ያነበቡት በዚህ መንገድ ነው። ጆን ካልቪንም አሳቡን በሦስት ሹመቶች ከፍሎ አቀረበው፤ ክርስቶስ ካህን ነው፣ ራሱን መሥዋዕት አድርጓልና፤ ንጉሥ ነው፣ ሕዝቡን ይገዛልና፤ ነቢይ ነው፣ የአብን ፈቃድ ይገልጣልና። በሦስቱም ሹመቶች ላይ «ብቻ» ሲታከል ሦስት ክልከላዎች ይወለዳሉ፤ ሌላ ሠዊ፣ ሌላ የኅሊና ጌታ፣ ሌላ የመጨረሻ ቃል ያለው ተናጋሪ የለም። የጋሞ ክርስትና ታሪክ ሦስቱንም ክልከላዎች በየተራ የፈተነ ታሪክ ነው።

የአውሮፓው ሙግት ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ አንድ ኢትዮጵያዊ በቦታው ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1534 አባ ሚካኤል የተባለ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተርና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ተነጋገረ፤ ሁለቱ ወገኖችም ብዙ የሚስማሙበት ነገር አገኙ። ሉተር ከሮም ሥልጣን ውጭ የኖረ ጥንታዊ ክርስትና በማግኘቱ ተደስቷል። ንግግራቸው ወደ እመቤታችንና ወደ ቅዱሳን ምልጃ ቢገፋ ግን ስምምነቱ ሳይናጋ መቀጠሉ ያጠራጥራል፤ ዛሬ በሲቀላ ሁለቱን ወገኖች የሚያነታርካቸው ይኸው ነጥብ ነው።

የንትርኩን ትክክለኛ ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በተዋሕዶ አስተምህሮ የመስቀሉ ቤዛነት አይደገምም፣ አይጨመርበትምም፤ ቅዱሳን የሚያማልዱት በተሰጣቸው ጸጋና ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ጥምቀት፣ ንስሓና ቁርባንም የዚያው የአንዱ ማዳን መድረሻዎች ናቸው። በመጀመሪያው ጥያቄ፣ በማን ነው በሚለው፣ ሁለቱ ወገኖች ከሚታሰበው በላይ ይቀራረባሉ፤ የሚለያዩት በምን በኩል ነው በሚለው በሁለተኛው ላይ ነው። ክርክሩን ያከረረው ደግሞ ሁለቱም የሚጠብቁት የአንዱን የክርስቶስን ክብር መሆኑ ነው። የተዋሕዶው ምእመን ክርስቶስ ዛሬም ያማልዳል ሲባል ሲሰማ፣ ፈራጁ ከለማኝ ተቆጥሮ አምላክነቱ የተቀነሰ ይመስለዋል፤ የፕሮቴስታንቱ አማኝ ቅዱሳን ያማልዳሉ ሲባል ሲሰማ፣ የመስቀሉ ሥራ አልበቃም የተባለ ይመስለዋል። አንዱ ስለ ዙፋኑ ከፍታ፣ ሌላው ስለ መሥዋዕቱ ምሉእነት ይቀናል፤ መዘላለፉ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ቅናት ማየት ሲሳነው ነው።

የክህነቱ ፈተና በጋሞ የመጣው ከዚህ ንትርክ በፊት ነው፤ ጥንታዊው የጋሞ ሥርዓት የመካከለኞችን ሰንሰለት በእርሻና በቤተሰብ ሕይወት ውስጥ ሠርቶት ኖሯልና። በዚያ ሥርዓት ፈጣሪው ጾሲ ይባላል፤ ከእርሱ ሌላ የአባቶችና የምድሪቱ መናፍስት ይፈራሉ። በጋሞ ደጋ በምትገኘው በዶኮ ጥናት ያካሄደችው አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምታስረዳው፣ መሥዋዕት የሚቀርበው በታላቅነት ተራ ነው። ባይራ የሚባለው በኩር ወይም ታላቅ ለታናናሾቹ ይሠዋል፣ ታናሹ ግን በራሱ አይቀርብም፤ አባወራው ለቤቱ፣ የጎሣው ታላቅ ለጎሣው ይቆማል፣ ከእነርሱ በላይ ያሉት ሠዊዎችና ካዎ የሚባለው ንጉሥ ደግሞ ለመላው ደሬ፣ ማለትም የራሱ ጉባኤና የራሱ ሥርዓት ላለው አገር፣ ይቆማሉ። በረከትም ዝናብም የሚወርደው በዚሁ መሰላል ነው።

መሰላሉን አጥብቆ የያዘው ጎሜ ነው። ጎሜ ከአባቶች የወረደውን ዎጋ፣ ማለትም የአገሩን ሥርዓት፣ መተላለፍ ሲሆን፣ ከመተላለፉ የሚከተለው መዘዝም በዚሁ ስም ይጠራል። ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ዘር ቢጥል ወይም ከታገደው ደን ዛፍ ቢቆረጥ፣ ዝናብ ይቀራል፣ ልጅ ይታመማል፣ ከብት ያልቃል ተብሎ ይታመናል። ልጁ የታመመበት አባወራ ከመድኃኒቱ በፊት የሚጠይቀው በደሉን ነው፤ ወደ አዋቂ ሄዶ ያስጠይቃል፣ በደሉ ሲታወቅ በሽማግሌዎች ፊት ይናዘዛል፣ በግ ይቀርባል፣ ለእርሱ የሚቆመው ታላቅም ያርድለታል። በዚያች ሰዓት ሰውየው ዕዳውን ያውቃል፣ ዕዳው የሚከፈልበትን እንስሳ ያውቃል፣ የሚከፍልለትንም ሰው ያውቃል፤ የማይታወቀው የዕዳው ማብቂያ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ልጅ ቢታመም ሌላ ጎሜ ይፈለጋል፣ ሌላ በግም ይታረዳል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በየዓመቱ ስለሚደጋገም መሥዋዕት የሚያነሣው ጥያቄ ለዚህ አባወራ እንግዳ አይሆንበትም፤ መሥዋዕቱ ቢያበቃ ኖሮ ለምን ይደገም ነበር የሚለውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ከሚሲዮኖች መምጣት በፊት ከጋሞ ደጋ የተነሣው ኤሳ ላሌ ይህን ሰንሰለት አናግቶት ነበር። ኤሳ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በጋሞና በወላይታ ሕዝቡ ለመናፍስት መሠዋቱን ትቶ አንዱን ፈጣሪ እንዲያመልክ ሰበከ፤ ተከታዮቹም ጣታቸውን በማር ነክረው ወደ ሰማይ እየረጩ ይጸልዩ ነበር። ስብከቱ ብዙ ሰው ስለ ሳበ ባለሥልጣናቱ አሰሩት። የኤሳ ትምህርት ስለ አንዱ አምላክ ጥርት ያለ ሲሆን፣ መካከለኛውን ግን ባዶ ትቶታል፤ ሠዊው ከተሰናበተ በኋላ ስለ ጎሜ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ አልተነገረም። አንድ አምላክ መኖሩን ማወቅ ዕዳ ላለበት ሰው ብቻውን የምሥራች አይሆንለትም፤ ዕዳውን የሚጠይቀው አንድ መሆኑን ነግሮት የሚከፍልለትን ሳይነግረው ይቀራልና።

ወንጌሉ የደረሰው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928 በወላይታ ሶዶ ጣቢያ ከፈተ፤ በ1937 ኢጣልያኖች ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች ከሃምሳ አይበልጡም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹ በሺዎች ተቈጠሩ፤ ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ የተሰማሩትም በአብዛኛው እነዚሁ የወላይታ ወንጌላውያን ናቸው። መልእክቱ ከውጭ አገር ሰው ይልቅ መሥዋዕትንና ታላቅነትን በሚያውቅ ጎረቤት አፍ መነገሩ ትርጕም አለው። በኩር ለታናናሾቹ ይቆማል የሚለውን ሲሰማ ያደገ ሰው ክርስቶስ በብዙ ወንድሞች መካከል በኩር ነው ሲባል፣ በኩሩም ሌላውን ከማረድ ይልቅ ራሱ እንደ ታረደ ሲነገረው፣ ሰንሰለቱ ከመበጠሱ በፊት በአንድ ሰው ላይ ተጠቃሎ ያየዋል። የዚህ በኩር ክህነት በዘር ሐረግ ያልመጣ መሆኑ ደግሞ፣ በዕብራውያን መልእክት በመልከ ጼዴቅ አምሳል እንደ ተገለጠው፣ ቀጣዩ ታላቅ የሚወርሰው አንዳች ነገር እንዳይተርፍ ያደርጋል።

ከዚህ የሚከተለው ለውጥ ከነፍስ አልፎ ማኅበራዊ ኑሮን ይነካል። ታናሹ ልጅ፣ ሴቷ፣ እንዲሁም ማናና ደጋላ ተብለው በሸክላ፣ በቆዳና በብረት ሥራቸው ይገለሉ የነበሩት ሰዎች በአንድ መካከለኛ በኩል ያለ ተራ መቅረብ ቻሉ፤ ሁሉም ያው ራሱ መካከለኛ ካለው፣ ከሌላው ቀድሞ የሚደርስ የለምና። ጋብቻን የሚከለክለው አጥር ግን በምእመናን መካከልም ቶሎ አልፈረሰም፤ ጸሎት የከፈተውን ደጅ ልማድ መልሶ የዘጋበት ቦታ ብዙ ነው። ለውጡ የወሰደው ዋጋም አለ። በጋሞ ደጋ ላይ በጎሜ ፍርሃት ሳይነኩ የኖሩ ቅዱሳን ደኖች ነበሩ፤ ፍርሃቱ ሲነሣ በአንዳንድ ስፍራ ደኖቹም ጠባቂ አጥተው ተመነጠሩ። የመናፍስትን ሥልጣን የሻረ እምነት መናፍስቱ ሲጠብቁት የነበረውን መልካም ነገር ማን እንደሚረከብ ካልተናገረ፣ የፈረደው በክፉው ላይ ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛው ክልከላ፣ ከክርስቶስ በቀር የኅሊና ጌታ የለም የሚለው፣ የተፈተነው በደርግ ዘመን ነው። አብዮቱ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ለሰው ሙሉ መዳን ያለው በታሪክ ሕግና በመደብ ትግል ነው የሚል የራሱን መልስ ይዞ መጣ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ ምእመናንም በየቤቱ ተሰባስበው አመለኩ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ታፍነው ተገደሉ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1934 በናዚ መንግሥት ላይ የወጣው የባርመን መግለጫም የቆመው በዚሁ መርሕ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ሌላ ልትታዘዘው የሚገባ የመገለጥ ምንጭ እንደሌላት ተናግሯል። በሁለቱም ዘመን «በክርስቶስ ብቻ» ያሉት ሰዎች የሚቃወሙት የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ጎረቤታቸውን አልነበረም፤ ነፍስንም ሥጋንም እኔ ላድን ያለውን ኃይል ነበር። መርሑ ደካማው በኃያሉ ላይ ሲናገረው የሚያስፈራውን ያህል፣ ኃያሉ በደካማው ላይ ሲናገረው ይበላሻል።

ሦስተኛው ፈተና አሁን ያለው ሲሆን፣ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው፤ ከውጭ አልመጣምና። ባለፉት አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ከተሞች «ነቢይ» እና «ሐዋርያ» የሚባሉ ሰዎች በዝተዋል፤ ሕመምተኛው እንዲዳሰስለት፣ ሥራ ፈላጊው እንዲተነበይለት ወደ እነርሱ ይጎርፋል፣ የተጸለየበት ዘይትና ውሃ ይወሰዳል፣ ገንዘብም «ዘር» ተብሎ ይሰጣል። ማስታወቂያው ስለ ክርስቶስ ጌትነት ይናገራል፤ ሰልፉ ግን ወደ ሰውየው ነው። የአባቶቹን ሠዊ የተወው የጋሞ ሰው የልጅ ልጅ የልጁን ሕመም ምክንያት ለመስማት በአገልጋዩ ደጅ ሲያድር፣ የጎሜ ሥርዓት በግ ሳይኖረው ተመልሷል ማለት ነው፤ እንዲያውም አሮጌው ሠዊ በደሬው ሥርዓትና በጉባኤው ይጠየቅ ነበር፣ አዲሱ ግን ብዙ ጊዜ ለማንም አይጠየቅም። የትሩፋት ግምጃ ቤትም እንዲሁ ተመልሷል፤ ቁልፉ ብቻ እጅ ለውጧል። ስለ ቅዱሳን ምልጃ ተዋሕዶን አጥብቆ የሚሞግት ሰባኪ በሕይወት ላለው አገልጋይ ምልጃ ደረሰኝ ሲቆረጥ ዝም ካለ፣ የሚከራከርበት መርሕ ምን እንደሚል አልተረዳውም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ግን ሦስተኛው፣ የሚድኑት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ጋሞ ውስጥ ይህ ጥያቄ ስም ያለው ነው፤ ወንጌሉ ከመድረሱ በፊት የሞተው አያት ወዴት ሄደ የሚል ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሌሲንግ በ18ኛው መቶ ዓመት በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ የተፈጸመ ታሪክ ለሁሉም ሰው የሚሆን ዘላለማዊ እውነት መሠረት እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ ጠይቋል። ሌሲንግ ስለ ማወቅ የጠየቀውን የጋሞ የልጅ ልጅ ስለ ፍትሕ ይጠይቀዋል፤ አንድ ሰው ያልሰማውን ባለማመኑ ቢቀጣ ፍርዱ ምን ይባላል?

ለዚህ ጥያቄ ፕሮቴስታንቶች አንድ መልስ የላቸውም፤ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም። ክርስቶስን አውቆ ያላመነ አይድንም የሚሉ አሉ፤ ማዳኑ የክርስቶስ ብቻ ሆኖ ስሙን ላልሰሙትም ሊደርስ ይችላል የሚሉ አሉ፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትተው ዝም የሚሉም አሉ። የዙሪኩ ተሐድሶ መሪ ኡልሪክ ዝዊንግሊ እ.ኤ.አ. በ1531 በጻፈው የእምነት ማብራሪያ ሶቅራጥስንና ሌሎች የግሪክና የሮም ሰዎችን በሰማይ ከሚገኙት መካከል ቆጥሯል፤ ሉተር ይህን ሲያነብ እጅግ ተቈጥቷል። ሁለቱም ግን «በክርስቶስ ብቻ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዝዊንግሊ ሶቅራጥስ ዳነ ሲል በጥበቡ ዳነ ማለቱ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዓመት የወጣው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫም የቃሉ ጥሪ ሊደርሳቸው የማይችሉ የተመረጡ ሕፃናትና መሰሎቻቸው መንፈስ በወደደበት ጊዜና መንገድ በክርስቶስ እንደሚድኑ አስቀምጧል። አብርሃምም ቢሆን የናዝሬቱን ኢየሱስ በስም ሳያውቅ ሞቷል፤ ይሁን እንጂ ከክርስቶስ ውጭ ዳነ የሚል የለም። እንግዲህ ማዳኑ በአንዱ ብቻ መሆኑ የማዳኑን ስፋት አይለካም። አዳኙ አንድ ነው ማለት የዳኑት ጥቂት ናቸው ማለት አይደለም፤ ሁለተኛው ሌላ ማስረጃ ይሻል፣ ማስረጃውም በሰው እጅ አልተሰጠም።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ አያቱ ስሙን ሳይሰሙ ሊድኑ ከቻሉ የወላይታ ወንጌላውያን እስራትና ግርፋት የተቀበሉት ለምን ነበር የሚል። መልሱ ከጎሜው አባወራ ሕይወት ይገኛል። የዕዳው ማብቂያ የማይታወቀው ሰው የሚያስፈልገው የመጨረሻው ቀን ውሳኔ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ ልጁ ሲታመም ሌላ በግ ከመፈለግ ማረፍ ነበር። ምሥራቹ የሚነገረው ሰው ሳይነገረው እንዳይጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ የተከፈለውን ዕዳ ሲከፍል እንዳይኖርም ነው። ለአያቱ የቀረው ይህ ዕረፍት ነው፤ ስለ ፍጻሜያቸው መናገር ግን ከመካከለኛው ሥልጣን ላይ መውሰድ ይሆናል።

ይህ ልዩነት ፍልስፍና ሆኖ የማይቀረው በለቅሶ ቤት ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ የተዋሕዶና የቃለ ሕይወት ልጆች አባታቸውን ሲቀብሩ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ወንበሩን የሚያመጣው ዕድር አንድ ነው፤ ጸሎቱ ላይ ግን ይለያያሉ። በተዋሕዶ ሥርዓት ፍትሐት ይደረጋል፣ አርባው ሲደርስ ተዝካር ይወጣል፤ ሕያዋን ለሙት የሚያደርጉት ነገር አላቸው። በወንጌላውያኑ ዘንድ ስለ ሟቹ ነፍስ አይለመንም፤ የሚጸለየው ለሐዘንተኛው ነው። ለውጭ ተመልካች ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ በመርሑ ሚዛን ሲታይ ግን ሟቹን ለመካከለኛው አሳልፎ መስጠት ነው፣ ቀሪው ቤተሰብ ሊጨምርለት የሚችለው ነገር የለምና። ይኸው አሳብ በተዋሕዶው ወንድም ላይ እንዳይፈርድም ያስገድዳል፤ በሰው ሥራ ላይ አለመታመንን የሚያስተምር እምነት የወንድሙን ተዝካር ማውጣት የጥፋቱ ምክንያት፣ የራሱን አለማውጣት የመዳኑ ምክንያት ካደረገ፣ አለማውጣቱን ሥራ አድርጎታል።

አንድ መካከለኛ ብቻ አለ ማለት በሰውና በሰው መካከል የሚቆም ሽማግሌ አያስፈልግም ማለት እንዳልሆነም አርባ ምንጭ አሳይታለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ አደባባይ ወጡ፤ የጋሞ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፣ ወጣቶቹም ሣሩን አልፈው ለበቀል አልሄዱም። ባህሉ ከአሮጌው ሥርዓት የመጣ ነው ብሎ የሚጠራጠር አማኝ ቢኖር ሁለት ነገሮችን አደባልቋል። ሽማግሌዎቹ የያዙት ሣር በእግዚአብሔር ፊት የሚቀርብ ሥርየት ሳይሆን በወንድማማች መካከል የሚዘረጋ ዕርቅ ነው፤ ዕርቅን ደግሞ ማንም ቢያደርገው ከማዳኑ ሥራ ላይ የሚወስደው ነገር የለም። መዳኑን በእርግጠኝነት ለአንዱ የተወ ሰው እንዲያውም ለዚህ ሥራ እጁ ባዶ ነው፤ በጎ ሥራን ለራሱ ነፍስ መግዣ ከማድረግ ስላረፈ ለጎረቤቱ ሊያውለው ይችላል።

«በክርስቶስ ብቻ» የሚለውን መርሕ ከትዕቢት የሚጠብቀው በራሱ ውስጥ ያለው ሕግ ነው፤ ሕጉም መርሑን የሚናገረው ሰው ራሱ ከመካከለኞች ወገን አለመሆኑን ነው የሚያስታውሰው። ሰባኪው አያድንም፤ ቤተ ክርስቲያኑ አያድንም፤ ትክክለኛውን አስተምህሮ መያዝም አያድንም፤ መርሑን ማወቅ ያድናል ያለ ሰው መርሑን ሽሮታል። ስለዚህ ጠንከር ያለው ጥቅሙ ጎረቤትን መለያ መሆኑ ላይ አይደለም፤ ለሠዊውም ሆነ ለመንግሥቱ፣ ለነቢዩም ሆነ ለራስ ጽድቅ የማይገባቸውን መታመን መንፈጉ ላይ ነው። የጋሞ አብያተ ክርስቲያናት አባቶቻቸው በአሮጌው መሰላል ላይ የተናገሩትን ቃል በአዲሱ መሰላል ላይ የመናገር ዕዳ አለባቸው። ይህን ካላደረጉ በጎረቤታቸው ላይ የሚናገሩት ሁሉ እውነት እንኳ ቢሆን የነርሱ እውነት አይደለም።